ባለቤቱ በሌለበት የሚሠራ መሣሪያ

ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሄድ፣ ከኋላው ትቶት ስለሚሄደው ነገር ኀላፊነቱ እስከ ምን ድረስ ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። አባቶቻችን እሳቱን ሳያዳፍኑ፣ ከብቱን በረት ሳያስገቡ፣ ለጎረቤትም አደራ ሳይሉ መንገድ አይጀምሩም ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ከቤታችን አንድ አዲስ ነገር ገብቷል። ይኸውም ባለቤቱ ቢተኛም፣ ርቆ ቢሄድም ከዓለም ሁሉ ጋራ ሲነጋገር ውሎ የሚያድረው ኮምፒዩተር ነው። ከቤት ስንወጣ ይህን መሣሪያ እንደ በራና ከኢንተርኔት ጋራ እንደ ተገናኘ ትቶ መሄድ ተገቢ ነውን? ለወጣት አንባቢዎቼ ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ እኔም ዋጋውን እስክከፍል ድረስ ትንሽ መስሎኝ ነበር።

ነዋሪነቴ በድሬዳዋ፣ በደቻቱ ሰፈር ነው። ብዙ ቤተ ሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒዩተር አስቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የትምህርት ማስረጃ እተረጉማለሁ፤ ልጆቻቸው በውጭ አገር ለሚኖሩ ጎረቤቶቼም ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ። ስለዚህ በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሁሉ የእኔ አይደለም። የብዙ ሰው የመታወቂያ ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤተ ሰብ ምስጢርም አለበት። ሰዎቹ ይህን ሁሉ አደራ የሰጡት ለእኔ ነው እንጂ ለመሣሪያው አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ታላቅ ወንድሜ በአዲስ አበባ ታሞ ተኛና በድንገት ተጠራሁ። በዚያ ጊዜ አንድ ተማሪ የሚተረጎምለትን ማስረጃ በሦስት ቀን ውስጥ ይፈልግ ነበር፤ ሥራው ግን አላለቀም። ስለዚህ ከሩቅ ሆኜ በስልኬ ኮምፒዩተሩን ለማዘዝ የሚያስችለኝን ፕሮግራም ጫንሁበት። የይለፍ ቃሉን እንዳልረሳው ብዬ የከተማችንን ስምና ተከታታይ የሆኑ ሦስት ቁጥሮች አደረግሁ። ከዚያም መሣሪያውን እንደ በራ ትቼ፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፌ ሄድሁ። በሁለተኛው ቀን በሆስፒታሉ ደጅ ተቀምጬ የተማሪውን ጽሑፍ በስልኬ ጨርሼ ላክሁለት፤ እሱም በጊዜው አደረሰ። በእውነቱ በዚያች ሰዓት በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን መሣሪያው ማንም ሳይፈልገው ሰባት ቀን ሙሉ በርቶ ቆየ። እኔም በወንድሜ ጭንቀት ተይዤ ነበርና ጨርሶ ረሳሁት።

በዘጠነኛው ቀን ስመለስ ክፍሉ እንደ ምድጃ ግሎ፣ የመሣሪያው ማራገቢያ ሲጮኽ አገኘሁት። ቁልፎቹ አልተነኩም፤ ከዕቃው አንድም የጎደለ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ግን እትዬ እያልሁ የምጠራቸው ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው በዐረብ አገር ተቀጥሮ ይሠራል። ከእኔ ኢሜይል «እናትህ በጠና ታመው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ስልካቸውን ማንሣት አይችሉም፤ ለሕክምናው በዚህ ሒሳብ ላክ» የሚል ደብዳቤ ደርሶት የሁለት ወር ደመወዙን ልኮ ነበር። ጭንቀቱ ሲበዛበት ለአንድ የአገሩ ልጅ ደውሎ እናቱ በደኅና እንዳሉ የሰማው ገንዘቡ ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ እኔ አልጻፍሁም። ሆኖም አጻጻፉ የእኔው ነበር፤ ሰላምታው እንኳ ለእሱ ከጻፍኋቸው ከቀድሞዎቹ ደብዳቤዎች የተቀዳ ነው።

ነገሩን ስመረምር ከሩቅ የሚያዝዘው ፕሮግራም እኔ ባልነበርሁባቸው ሰዓቶች፣ ሁለት ሌሊት ያህል ተከፍቶ እንደ ነበር ተመለከትሁ። ይህንኑ በግቢው ውስጥ ላሉት ሳወራ የጎረቤት ልጅ የሆነ የዐሥር ዓመት ብላቴና፣ «ጋሼ፣ እኔኮ ሌሊት ለሽንት ስወጣ በመስኮትዎ መብራት አይቼ ነበር። የመጡ መስሎኝ ዝም አልሁ» አለኝ። ብላቴናው ያየው ብርሃን የኮምፒዩተሩ መስኮት ነበረ። አንድ የማላውቀው ሰው ከማላውቀው አገር ሆኖ በእኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ያህል፣ በእኔ ስም እየጻፈ ነበር። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ቢሆን በዚያ መንገድ ሊገባበት አይችልም ነበር፤ እኔ በክፍሉ ውስጥ ብኖርም መስኮቱ በራሱ ሲንቀሳቀስ አይቼ ሶኬቱን እነቅል ነበር። ጉዳቱ የመጣው ሁለቱ ባንድነት ስለ ተገናኙ ነው፤ መሣሪያው ነቅቶ ነበር፣ ባለቤቱ ግን አልነበረም።

እትዬ ሲያለቅሱ ቆይተው፣ «አንተ ምን አደረግህ ልጄ? ሰራቂው ሌላ ነው» አሉኝ። ይህ ቃላቸው ለጊዜው አሳረፈኝ። ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በእርግጥ እኔ ምን አደረግሁ? አልሰረቅሁም፤ አልዋሸሁም፤ ክፉም አላሰብሁም። ይልቁንም መሣሪያውን የተውሁት ለአንድ ተማሪ በጎ ለመሥራት ብዬ ነው። ታዲያ በደል ያለ ክፉ ሐሳብ ይገኛልን?

ሕግ ሰርጎ ገቡን እንደሚቀጣው የታወቀ ነው። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ነገር ግን የሌባው ወንጀለኛነት የባለቤቱን ቸልተኝነት ይሠርዛልን? በጥንቱ ሕግ፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ፣ ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላ ሰው ከብት ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል። ሰውየው በሬውን ገፍቶ አልጣለም፤ በሬው ሲወድቅም አላየም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ከእጁ አምልጦም ቢሆን ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የኮምፒዩተሬን ነገር በእነዚህ ሕጎች ይዳኝ ማለቴ አይደለም። ከሁለቱ የምንማረው ግን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም የአንተ የሆነ ነገር አንተ በሌለህበት ጊዜም የአንተ መሆኑን አይተውም።

«ጉዳት ይመጣል ብዬ አላሰብሁም» የሚለውን ምክንያት እኔም ለራሴ አቅርቤ ነበር። የደቻቱ ሰው ግን ይህን ምክንያት ለማቅረብ ከሁሉ ያነሰ መብት አለው። የሰፈራችን ስም የወጣለት ወንዝ ከተማይቱን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት ይከፍላል። በዓመቱ በሚበዛው ጊዜ ወንዝ ሳይሆን አሸዋ ነው። ሰው በላዩ ይሻገራል፤ ገበያተኛ ይቀመጥበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ፣ በዚያ አሸዋ ላይ የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችንም ያለ ቤት አስቀረ። ያ ውሃ ከከተማይቱ ሰማይ ብቻ የወረደ አልነበረም። ከበላያችን ባለው ደጋ የዘነበ ዝናብ ተሰብስቦ የመጣ ነው። ስለዚህ ከደቻቱ ዳር የሚኖር ሰው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ደመና የለም» ማለቱ አይበቃውም።

የኢንተርኔት መስመር እንደዚሁ ደረቅ ወንዝ ይመስላል። ለብዙ ወራት ምንም አይመጣበትም። ከጠረጴዛችን ሆነን ስናየው ጸጥ ያለ ነው። ደመናው ግን ከማናየው ደጋ ላይ ይጠራቀማል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «እኔ በአንዲት ክፍል የምኖር ድኻ ነኝ፤ ማን እኔን ብሎ ይመጣል?» ትል ይሆናል። ጎርፍ ግን የሰው ስም አይጠይቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። አሠራሩም ሰውን መርጦ መግባት አልነበረም። የኢንተርኔት አድራሻዎችን እንዳገኘ እያንኳኳ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ የነበራቸውን የይለፍ ቃል ያልለወጡ የጥበቃ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ይፈልግ ነበር። ባገኘም ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቅ መሣሪያውን ወታደር ያደርገዋል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር 21 ቀን እነዚህ በየቤቱ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ መሣሪያዎች በአንድነት ታዝዘው ዳይን በተባለ የአሜሪካ ድርጅት ላይ ዘመቱ፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶችም ለሰዓታት ተቋረጡ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች በዚያ ቀን ከቤታቸው አንድ ዕቃ አልጎደለባቸውም። አብዛኞቹ እስከ ዛሬም ድረስ ካሜራቸው መዝመቱን አያውቁ ይሆናል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ተላላፊ ፕሮግራም በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሆስፒታሎች የበሽተኞቻቸውን መዝገብ ማየት ተስኗቸው ቀጠሮ ሠረዙ፤ አምቡላንሶችንም ወደ ሌላ ቦታ መለሱ። ማይክሮሶፍት ግን የዚያን ቀዳዳ መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት 14 ቀን፣ አውጥቶት ነበር። በሽታው መድኀኒት እያለው የተዛመተው «ነገ አደርገዋለሁ» በሚሉ ሰዎች መሣሪያ ላይ እየተረማመደ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ቸል ያለው ነገር የሚጐዳው ራሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የጥበብና የሞኝነት ጉዳይ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ጉዳቱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል።

በሌላው ወገን ያለውን እውነት ደግሞ መደበቅ አይገባኝም። ትቶ መሄድ ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በየቤቱ ያሉ ኮምፒዩተሮች ባለቤታቸው በማይጠቀምባቸው ሰዓት ከሰማይ የተሰበሰበውን የራዲዮ ድምፅ እንዲመረምሩላቸው ሕዝቡን ለመኑ። ሚሊዮኖች እሺ ብለው መሣሪያቸውን አዋሱ፤ ሥራውም እስከ 2020 መጋቢት ድረስ ቆየ። በዚያው በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ፎልዲንግ አት ሆም በሚባለው ሥራ እጅግ ብዙ ሰዎች የቫይረሱ ፕሮቲኖች ይጠኑበት ዘንድ ኮምፒዩተራቸውን ሌሊትና ቀን አብርተው ተዉ። እነዚህ ሰዎች መሣሪያቸውን የተዉት ለበጎ አድራጎት ነው። እኔም በሁለተኛው ቀን ለተማሪው የሠራሁት ሥራ በጎ ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? የበጎ ፈቃደኞቹ ኮምፒዩተር ለምን እንደሚሠራ ባለቤቱ ያውቃል፤ ለማን እንደ ተፈቀደም ያውቃል። የእኔ መሣሪያ ግን ተማሪው ጽሑፉን ከተቀበለ በኋላ ለማንም አልተፈቀደም ነበር፤ ብቻ ተረስቶ ነበር። ቤትን ለእንግዳ መክፈት ደግነት ነው፤ በርን ከፍቶ መርሳት ግን ደግነት አይባልም። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ ያው የተከፈተ በር ናቸውና ሰው በቀላሉ ራሱን ያታልልባቸዋል። እኔም ሰባቱን የመርሳት ቀናት በሁለቱ የበጎ ሥራ ቀናት ልሸፍናቸው ስሞክር ራሴን ያዝሁት።

አንዳንዱ ደግሞ፣ «እንዲህ ሁሉን ከፈራን መኖር አይቻልም፤ ሁሉም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይላል። በግቢያችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሣቁና፣ በእስልምና ትምህርት ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ ማለት እንደማይገባ፣ መጀመሪያ ማሰር ከዚያም መመካት እንደሚገባ አስረዱኝ። ጥንቃቄ እምነት ማጣት አይደለም፤ ፍርሃትም አይደለም። የሚፈራ ሰው ስለ ራሱ ይጨነቃል፤ የሚጠነቀቅ ሰው ግን ስለ ሌላውም ያስባል። የአገራችን ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። እኔ ሳልጠረጥር የተመነጠረው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህ ተረቱ ለእኔ የቀለለ ፍርድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ለመውጣት ስነሣ ራሴን ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ይህ መሣሪያ እኔ በሌለሁበት የሚሠራው ለማን ነው? ሁለተኛ፣ ሲሠራ የሚጠብቀው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ጉዳት ቢመጣ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ የማንንም ስም ለመጥራት ካልቻልሁ አጠፋዋለሁ። ለሁለተኛው መልስ ካጣሁም አጠፋዋለሁ። የሦስተኛው መልስ «በሌላ ሰው ላይ» የሚል ከሆነ፣ መሣሪያውን ክፍት የመተው መብቴ ከሌላው ሰው ፈቃድ ጋራ የተሳሰረ መሆኑን አስባለሁ።

በሥራ ላይ ሲውል ነገሩ ከባድ አይደለም። ለአንድ ሰዓት ወደ ከዚራ ስሻገር መስኮቱን በይለፍ ቃል እቆልፋለሁ። ከቤት ውጭ የማድር ከሆነ አስቀድሜ የወጣውን ማሻሻያ እጭንበታለሁ፤ ከዚያም አጥፍቼ ሶኬቱን እነቅላለሁ። መብራት ሄዶ በኀይል ሲመለስ ዕቃ የሚያቃጥልበት ጊዜ አለና ይህ ለመሣሪያውም ይበጀዋል። ሥራ ፈትቶ 60 ዋት የሚበላ ኮምፒዩተር በዘጠኝ ቀን 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጨርሳል፤ ይህም ያለ ጥቅም የባከነ ነው። በርቶ እንዲቆይ የሚያስገድድ ጉዳይ ሲኖር ደግሞ የይለፍ ቃሉን ረጅም አደርጋለሁ፤ በስልኬ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ አዝዘዋለሁ፤ የሰዎቹን ማስረጃ ለይቼ ከመሣሪያው አወጣለሁ፤ ጉዳዩ ባለቀበትም ሰዓት ከሩቅ ሆኜ አጠፋዋለሁ። ማጥፋት ሁሉን በር አይዘጋም፤ ኢሜይላችንና ሌላው ሒሳባችን ኮምፒዩተሩ ቢጠፋም በሌላ ቦታ ይኖራልና እሱም የራሱን ቁልፍ ይሻል። ሆኖም ሁሉን በር መዝጋት አልችልም ብሎ በእጅ ያለውን በር ክፍት መተው የሰነፍ ምክንያት ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በማግሥቱ ለእትዬ ገንዘቡን እንደምከፍል ነገርኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬሃለሁ። ገንዘቡ ግን የልጄ ላብ ነው፤ እሱን ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም» አሉኝ። እንዲህ ያለ የቀና ፍርድ ከብዙ የተማሩ ሰዎች አልሰማሁም። በስምንት ወር ከፍዬ ጨረስሁ። ልጁም በትሕትና አመሰገነኝ፤ ቂም አልያዘም። ዳሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ የሚደርሰውን ደብዳቤ አያምንም። እናቱ ያስጻፉትን ሁሉ በስልክ ደውሎ ከራሳቸው አፍ ካልሰማ አይቀበልም። ልክ ነው፤ አልወቅሰውም። ገንዘቡን መመለስ ተችሎኛል፤ «ጋሼ ከጻፈው እውነት ነው» ይል የነበረውን ልቡን ግን በስምንት ወርም በስምንት ዓመትም የምከፍለው አይመስለኝም።

ያን ብላቴና ደግሞ አንድ ነገር አስተምሬዋለሁ። በቅርቡ ወደ ሐረር ለልቅሶ ስሄድ ጠርቼ፣ «እኔ ሳልኖር መስኮቴ ጨለማ መሆን አለበት። ብርሃን ያየህ እንደ ሆነ ‹መጥቷል› አትበል፤ ደውልልኝ» አልሁት። ስመለስ ከግቢው በር ላይ ተቀብሎኝ፣ «ጋሼ፣ በየሌሊቱ አየሁት፤ ጨለማ ነበር» አለኝ።